በታላቋ ስም

ጋብቻውን ሊያስመዘግብ የሚሄድ ሰው ደስታው እግሩን ያፈጥነዋል እንጂ ወደ ኋላ አይጎትተውም። የእኛዋ ልብስ አጣቢ ግን በዚያ ጠዋት የማዘጋጃ ቤቱን ደረጃ ስትወጣ እግሯ እንደ እርጥብ አንሶላ ከብዷት ነበር። ከጎኗ የሚራመደው ፎቶ አንሺ አዲስ ሸሚዝ አንገቱን አንቆት፣ ክራቫቱን እየነካካ፣ በየደረጃው "ደህና ነሽ?" ይላታል። "ደህና ነኝ" ትለዋለች። በሁለት ዓመት ፍቅራቸው ከዋሸችው ሁሉ ይህ ትንሹ ነበር።

ትልቁ ውሸት ስሟ ነው። ደመወዝ የምትቀበልበት፣ ቤት የተከራየችበት፣ እሱም በጆሮዋ የሚያንሾካሹክላት ስም የታላቅ እህቷ ነው። ወደዚህ አገር ስትመጣ ዕድሜዋ ለሥራ ጉዞ አልደረሰም ነበርና ደላላው መላ ዘየደ። እናቷ አልጋ ሥር ከነበረው ሻንጣ የታላቋ የልደት ወረቀት ወጣ፤ በታላቋ ስም፣ በታናሿ ፎቶና አሻራ፣ ፓስፖርት ተሠራ። ታላቋ ያን ጊዜ ሩቅ ከተማ ክሊኒክ ውስጥ ተቀጥራ ስለነበር ማንም አልጠየቃትም። "ስም እንደ ሳሙና አይደለም፤ ስለተጠቀሙበት አያልቅም" አለ ደላላው እየሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ በዚያ ዕድሜ የማያስቅ ነገር የለም።

አዲሱ ስም ግን ቶሎ አልገባላትም። የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሥራ በጀመረች ሰሞን ኃላፊዋ ስሟን ስትጠራ፣ ልጅት ሌላ ሰው የተጠራ እየመሰላት አንሶላዋን ታጥፋለች። ኃላፊዋ ደግማ ትጠራለች፤ ልጅት ወይ ፍንክች። በመጨረሻ "ይቺ ልጅ ጆሮዋ ከባድ ነው" ተብሎ ተደመደመና "ጆሮ ዳባ" የሚል ቅጽል ወጣላት። ይኸው እስከ ዛሬ ማጠቢያ ቤት ውስጥ የሚያናግራት ሰው ሁሉ እየጮኸ ነው። ጆሮዋ እንኳን ሰው ትንኝም ሲበር ይሰማል፤ ግን ላስረዳችሁ ብትል ምን ብላ ታስረዳለች? አርፋ ደንቆሮ ሆና ኖረች።

ፎቶ አንሺውም መጀመሪያ ያናገራት እየጮኸ ነው። ፎቶ ቤቱ ከማጠቢያ ቤቱ የኋላ በር ትይዩ ነው፤ የሚያነሳውም ባብዛኛው ለፓስፖርትና ለመኖሪያ ፈቃድ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ነው። ከሰው ጀርባ የሚወጥረው ነጭ ጨርቅ ትንሽ ከተጨማደደ ጥላ ይጥላል፤ ጥላ ያረፈበትን ፎቶ ደግሞ ቢሮዎች አይቀበሉም። ስለዚህ ጨርቁን እያሳጠበና እያስተኮሰ ይመላለስ ነበር። ኃላፊዋ "እሷ አትሰማም" ብላው ስለነበር፣ መቼ እንደሚደርስለት የጠየቃት የማጠቢያ ማሽኑ እስኪያፍር ድረስ ጮኾ ነው። ቀና ብላ አየችውና "ቀስ ብለህ ብትናገርም ይደርሳል" አለችው። አፍሮ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ያ ጨርቅ ሳይቆሽሽ ይታጠብ ጀመር።

ሲዋደዱ አንድ ነገር ብቻ ይቆረቁራት ነበር። ስሟን አቆላምጦ ሲጠራት፣ ዓይኑ እሷን እያየ አፉ እህቷን የሚጠራ ይመስላታል። ሌላዋ ሴት በጎረቤቷ ትቀናለች፤ የእኛዋ በገዛ ታላቋ ቀናች።

የማዘጋጃ ቤቱ መዝጋቢ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያሳረፈች፣ የሰው ደስታ ማየት የማይሰለቻት ትልቅ ሴት ነበረች። ፓስፖርቱን ተቀበለች፣ የልጅቷን አውራ ጣት መሣሪያው ላይ አስደረገች፣ ቁልፎቹን መታች፣ ከዚያ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ።

"ልጄ፣ እዚህ ጋ ባለትዳር ነሽ ይለኛል።"

ፎቶ አንሺው ሳቀ። "ገና ልንሆን ነው እንጂ።"

"ካንተ ጋር አይደለም የኔ ልጅ" አለችው መዝጋቢዋ። "ካለፈው ዓመት ጀምሮ የጎረቤት አገሮቹ መዝገብ ከእኛ ጋር ተገናኝቷል። በዚሁ ስም፣ በዚሁ የልደት ቀን፣ በዚሁ እናትና አባት ስም ጋብቻ ተመዝግቧል። ባልየው ከጎረቤቶቹ ባንዱ አገር ነው የሚሠራው፤ ሚስቴን ላምጣ ብሎ አመልክቷል።"

ልጅት ወዲያው ገባት። ታላቋ አምና ነበር ያገባችው። ሙሽራው በሦስተኛ አገር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ለሠርጉ መጥቶ ተመልሶ ሄዷል። የሠርጉን ቪዲዮ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ እያየች አልቅሳለች። የእሷ ሠርግና የእህቷ ሠርግ አንድ ቀን አንድ ኮምፒውተር ላይ ይገናኛሉ ብላ ግን አስባ አታውቅም።

"ነገሩ አያስጨንቅሽ" አለች መዝጋቢዋ፤ ድምፅዋ ደግ ነበር፣ ልጅቷንም ያስፈራት ይኸው ደግነት ነው። "ካላገባሽ፣ አንዷ ሌባ ስምሽን ሰርቃ አግብታበታለች ማለት ነው። እንዲህ ያለው ነገር በየአገሩ በዝቷል። እኛ ጋ ያለው አሻራ ያንቺ ስለሆነ ባለስሟ አንቺ ነሽ። አላገባሁም በይኝና ዛሬውኑ እጽፍላቸዋለሁ። የዚያችኛዋ ማመልከቻ ይዘጋል፣ እሷም ትጠየቅበታለች። እናንተን ደግሞ በቅርቡ እናጋባችኋለን።"

ክፍሉ ጠበባት። "አላገባሁም" ብትል ታላቋ በገዛ ስሟ ሌባ ትባላለች። "ስሙ የእኔ አይደለም" ብትል እዚህችው ወንበር ላይ እንዳለች ፖሊስ ይጠራባታል፤ ፎቶ አንሺውም እያወቀ አብሯት አጭበርብሯል ተብሎ መከራውን ያያል። የቀረው አንድ ቃል ብቻ ነበር። ዞር ብላ አየችው። እሱ ደንበኛ ዓይኑን እንዳይጨፍን ሲያባብል እንደሚያደርገው ፈገግ ብሎ፣ "ንገሪያቸዋ" አላት።

"አግብቻለሁ" አለች።

መዝጋቢዋ መነጽሯን አወለቀች። ፎቶ አንሺው እንዳልሰማ ሰው፣ "ምን አልሽ?" አላት።

"አግብቻለሁ አልኩ።"

"መቼ?"

"አምና።"

"አምና ከእኔ ጋር ነበርሽ። አምና እናቴ ቤት ወስጄሽ ነበር።"

"በውክልናም ይፈጸማል" አለች መዝጋቢዋ ቀስ ብላ፣ ለመርዳት ያህል። አንዳንድ እርዳታ ባይመጣ ይሻላል።

ፎቶ አንሺው ልጅቷን አየ፤ ማስተባበያ ቢጤ ከፊቷ ላይ ፈለገ። እሷ ዓይኖቿን ጠረጴዛው ላይ ተከለች፤ ቀና ካለች እውነቱ በዓይኗ እንደሚወጣ ታውቃለች። ተነሣ፣ ወንበሩን እንደ ጨዋ ልጅ ወደ ቦታው መለሰ፣ ክራቫቱን እየፈታ ወጣ። በሩንም አላላተመም። እውነቱን ብትነግረው ኖሮ ይጠላት ይሆናል፤ አሁን ግን የጠላት ባልሠራችው ነበር፣ አንጀቷን የቆረጠውም ይኸው ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት ወደ ሥራ ገባች፤ ሌላ የምትሄድበት አልነበራትም። ማጠቢያ ቤቱ ምድር ቤት ነው፣ መስኮት የለውም። የማታውቃቸው ሰዎች የተኙባቸው አንሶላዎች በጋሪ ይመጣሉ፣ ከትልቁ መተኮሻ ውስጥ ለጥ ብለው ይወጣሉ፣ ተመልሰው ሌሎች የማታውቃቸው ሰዎች ይተኙባቸዋል። ስንት ዓመት እዚህ እንፋሎት ውስጥ ስትኖር ዛሬ ገና ትንፋሽ አጠራት።

"ምዝገባው እንዴት ሆነ?" ብላ ኃላፊዋ ጮኸች፤ ማሽኖቹን አልፎ ያልሰማ ሰው አልነበረም።

"ተራዘመ፣ እትዬ።"

"ተራዘመ ነው ያልሽኝ? ይራዘም። ወንድ ልጅ ትንሽ ይንቆራጠጥ፤ በኋላ ለትዳሩ ጥሩ ነው።"

ሴቶቹ ሳቁ። እሷም መሳቅ ስለነበረባት ሳቀች፤ ከዚያ የታጠፈ ፎጣ የምትወስድ መስላ መጋዘኑ ውስጥ ገባች። ስልኳ ላይ የታላቋ የድምፅ መልእክት ከጠዋት ጀምሮ ይጠብቃት ነበር። ፎጣዎቹ ላይ ተቀምጣ ጆሮዋ ላይ ደቀነችው።

"እንዴት ነሽ የኔ እናት" ይላል የታላቋ ድምፅ። ቤተሰቦቿ በስልክ በእውነተኛ ስሟ አይጠሯትም፤ ሰው ይሰማል ብለው ትተውታል። "ሰማሽ፣ ለባሌ ማመልከቻ አሻራ ስጪ ብለው ጠሩኝ። አሻራዬን ሲያዩት ካንቺው ጋር አይገጥምም፤ ያኔ ሌባዋ እኔ መሆኔ ነው። እኔ ነገሩን ካወቅኩት ቆይቻለሁ። ድሮ ፓስፖርት ላወጣ ብሄድ 'አንቺማ ከአገር ወጥተሻል' ብለው ሳቁብኝ። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ባሌ እውነቱን ተናገሪ ይለኛል። እኔ እውነቱን ብናገር አንቺን ያስሩሻል። ስለዚህ አንቺው ወስኚ። ተዪው ካልሽኝ እተወዋለሁ፤ እሱንም ሌላ አግባ እለዋለሁ። ደግሞ በደንብ ብይ፣ ድምፅሽ ሰልሏል።"

ስድብ ቢሆን ይሻላት ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ታላቋ ምንም አታውቅም እያለች ራሷን ስታጽናና ኖራለች። ታላቋ ግን ከአገሯ ንቅንቅ እንዳትል ተደርጋ የተዘጋባትን በር ማን እንደዘጋው እያወቀች፣ በየሳምንቱ እየደወለች "በላሽ ወይ" ትላት ነበር። ባሏን እንኳ ልትተው ተዘጋጅታለች፤ እንዴት አድርጋ እንደምትወደው በቪዲዮው ላይ የታየች ልጅ ናት። ልጅት ፎጣ አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ደላላው ተሳስቶ ነበር፤ ስም ያልቃል። ለሁለት ሰው ፍቅር አልበቃም።

ፊቷን አብሳ የመልሱን ቁልፍ ተጫነች። "እትዬ፣ ሂጂና አሻራሽን ስጪ። ስምሽን ልመልስልሽ ነው" አለች።

መመለስ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች። ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄዳ በገዛ አፏ "እኔ እሷ አይደለሁም" ማለት ነው። መኖሪያ ፈቃዱ፣ ሥራው፣ ክፍሏ፣ ሁሉም አብሮ ይሄዳል፤ ምናልባት እስር፣ ከዚያ ወደ አገር መባረር፣ ከዚያ ወደዚህ ድርሽ እንዳትል መከልከል። በራሷ ስም መመለሻ ወረቀት እንዲሠራላት ደግሞ ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋታል። በከተማው ፎቶ ቤት ሞልቷል፤ እግሯ የለመደው ግን አንድ ብቻ ነው።

በማግስቱ ገና በሩን ሳትሻገር አያት። ተነሥቶ እንደ መጀመሪያው ጊዜ ይጮህባታል ብላ ተመኝታ ነበር። እሱ ግን ረጋ ብሎ፣ "ምን ልታዘዝ?" አላት።

"ጉርድ ፎቶ።"

"ይቀመጡ።"

አንቱታው ጥፊ ሆኖ አረፈባት። ሰው ሲያከብራት እንደዚያ ያመማት ቀን የለም። ተቀመጠች።

የፎቶ ቤቱ ወግ ይታወቃል። ፎቶ አንሺው ማንንም ከማንሳቱ በፊት ትንሽ ፖስታ ያወጣና የደንበኛውን ስም ይጽፍበታል፤ ጉርድ ፎቶ ሲበዛ ሰው ከሰው እንዳይቀያየርበት ነው። አሁንም ፖስታውን አወጣ። ስሟን መጠየቅ አላስፈለገውምና ሳያያት መጻፍ ጀመረ።

"እሱን አይደለም" አለችው።

"ምኑን?"

"ስሙን። እንደማንኛውም ሰው ጠይቀኝ።"

እስክሪብቶው ቆመ። ሊመልስላት የፈለገው ክፉ ቃል ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ዋጠው። "እሺ። ስም?" አላት።

ነገረችው። ከገዛ አፏ ሲወጣ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

"ይሄ ደግሞ የማን ስም ነው?"

"የእኔ።"

"ያኛውስ? የባለትዳሯ?"

"የእህቴ።"

ፎቶ አንሺው ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ልጅት ዓይኑን ማየት ስላልቻለች ከጀርባዋ ወደተወጠረው ነጭ ጨርቅ ዞረች። ጨርቁ ወገቡ ላይ ተጨማድዷል፤ ሠርግ ሠርግ ሲሉ ከሰነበቱ ወዲህ ለመተኮስ አላመጣውም።

"ይሄ ጥላ ይጥላል፤ አይቀበሉኝም" አለች። "ካውያ አለህ?"

አወጣላት። ጨርቁን አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ ጀርባዋን ለእሱ ሰጥታ መተኮስ ጀመረች። ሁሉንም የነገረችው እንዲያ እየተኮሰች ነው። ሻንጣውን፣ ደላላውን፣ ጆሮ ዳባ ለምን እንደተባለች፣ በመዝጋቢዋ ፊት "አላገባሁም" ብትል ኖሮ እህቷ ላይ ይደርስ የነበረውን ሁሉ ነገረችው። እጅ የለመደውን ሲሠራ አፍ ይደፍራል። ስትጨርስ ጨርቁ ላይ አንዲት መስመር አልቀረችም።

"ሁለት ዓመት ማንን ነበር ስጠራ የኖርኩት?" አላት።

"እኔን። ስሙ የእሷ ነው፤ ስትጠራኝ የምዞረው ግን እኔ ነበርኩ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

አንቱታው መውደቁን ልብ አለች። ካውያውን አቁማ ዞረች። "ካወቅክ አንተም ትጠየቅበታለህ። እሱ አንድ ነው። ሌላው ግን ፍርሃት ነው። ስሙን የመለስኩ ዕለት አንተንም አብሬ የምመልስ እየመሰለኝ ፈራሁ።"

"አሁንስ?"

"አሁን ልመልስ ነው። ከዚህ ወደ ኢሚግሬሽን ነው የምሄደው።"

"ከዚያስ መቼ ትመጫለሽ?"

"አላውቅም። ላያስገቡኝ ይችላሉ።"

"ባትሄጂስ?"

"እህቴ በገዛ ስሟ ሌባ ትባላለች።"

"ቅሪ" ሊላት አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። ቅሪ ቢላት ትቀር እንደነበር ሁለቱም ያውቃሉ፤ ከዚያ በኋላ አንዳቸው የሌላውን ዓይን ማየት እንደማይችሉም ያውቃሉ። ጨርቁን ከእጇ ተቀብሎ መወጠር ጀመረ። አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እሷ ይዘው፣ ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ላይ ሰቀሉት።

"ጆሮሽ ይታይ" አላት ካሜራውን ትቶ መጥቶ። ፀጉሯን በጣቱ ወደ ጆሮዋ ኋላ መለሰው፤ ፀጉሩ በቦታው ከሆነ በኋላም ጣቱ እዚያው ቆየ። "አትሳቂ። አታልቅሺም።"

"መሳቁን እተዋለሁ፤ ለሌላው ቃል አልገባም።"

"ዓይን ከቀላ አይቀበሉም።"

"እንግዲህ ይጠብቁኛላ።"

ፊት ለፊቷ ተቀምጦ መቅላቱ እስኪለቃት ጠበቀ። ሊለቃት ሲል እሱን ታየዋለች፣ እንደገና ይሞላል። መልሶ ሊለቃት ሲል ደግሞ የእሱ ዓይን መቅላቱን ታያለች። "አንተ እያየኸኝ እንዴት ይለቀኛል? ዙር" አለችው በመጨረሻ። እንደተቀጣ ተማሪ ወደ ግድግዳው ዞሮ ቆመ፣ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ግን ከኋላም ይታያል። እንዲህ ያለ ፎቶ አነሣስ ተደርጎ አያውቅም።

ሲያነሳት ካሜራው አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ። ያን አንድ ጊዜ እንደ ማንኛውም ደንበኛ፣ ጆሮዋ እየታየ፣ ሳትስቅ፣ ቀጥ ብላ አየችው። ከዚያ እሱ የእህቷን ስም የጀመረበትን ፖስታ ቀዶ ጣለና አዲስ አወጣ። ያን የነገረችውን ስም በእርጋታ፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ የሚፈራ ይመስል፣ ጻፈበት። እሷ ከፎቶዎቹ ግማሹን ወሰደች፤ ግማሹን ጠረጴዛው ላይ ተወችለት። ደህና ሁን ብትለው ሌላ ለቅሶ ይሆናል ብላ ሳትሰናበተው ወጣች።

ከማጠቢያ ቤቱ የኋላ በር እንፋሎቱ እንደ ወትሮው ይተናል። ፖስታውን ደረቷ ላይ ይዛ መራመድ ጀመረች። ከኋላዋ አንድ ሰው ስም ጠራ። መንገዱ ላይ ሌሎች ሴቶች ነበሩና አንዷን ነው ብላ አለፈች። ድምፁ ደግሞ ጠራ፣ አሁን ከፍ አድርጎ። ሴቶቹ ዞር ዞር አሉ፤ አንዳቸውም ግን አልመለሱም። ያኔ ነው እግሯ የያዛት። ያን ስም ከእናቷ ቤት ከወጣች ወዲህ ከሰው አፍ ሰምታው አታውቅም ነበር።

ዞረች። ፎቶ አንሺው የፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሟል፤ ጉርድ ፎቶዎቹ እጁ ላይ ናቸው።

"ምን ረሳሁ?" አለችው።

"ምንም አልረሳሽም" አላት። "ልለምደው ብዬ ነው።"

ትንሽ አየችው፤ ከዚያ መልሳ ጀርባዋን ሰጠችው። የተቆጣች እንዳይመስላችሁ። እንደገና እንዲጠራት ነው።